ጄሰን ብሉም፦ ፊልምን በርካሽ እየሠራ ሆሊውድ ውስጥ ትልቅ ስለሆነው ፕሮዲውሰር እንነጋገር

አዲስ ፍሬም

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እዚህ ስለ ተዋናይና ስለ ዳይሬክተር ሌት ተቀን ስናወራ ፕሮዲውሰርን የሚያነሳ የለም። ሲነሳም ገንዘብ መዥረጥ አድርጎ የሚያወጣ ባለሀብት ብቻ ተደርጎ ነው የሚታሰበው። እኔ ግን ከፊልም ሰዎች ሁሉ አብልጬ ሥራውን የምከታተለው አንድ ፕሮዲውሰር አለ፤ ጄሰን ብሉም ይባላል። ስሙን ባታውቁት እንኳ የድርጅቱን የብሉምሃውስን ምልክት በአስፈሪ ፊልሞች መግቢያ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ብሉም በ1969 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። አባቱ ኧርቪንግ ብሉም የሥዕል ጋለሪ ነበራቸው። አንዲ ዋርሆል ስሙ ሳይገን በ1962 የሾርባ ቆርቆሮ ሥዕሎቹን ያሳየው እዚያ ነው። ሥዕሎቹ 32 ናቸው። ጥቂቶቹ ለየብቻ ገዢ አግኝተው ነበር፤ አባትየው ግን እንዳይበታተኑ ብለው ከገዢዎቹ መልሰው ሰበሰቡና ሁሉንም በ1,000 ዶላር፣ ለዋርሆል በየወሩ መቶ መቶ እየከፈሉ፣ ለራሳቸው አስቀሩ። በ1996 ለኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲያስረክቧቸው ዋጋቸው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። የልጁን ሥራ ከዚህ ጋር ሳስተያየው ዝምድናው ወለል ብሎ ይታየኛል፤ ሌላው ያልፈለገውን በትንሽ ዋጋ መያዝ፣ ከያዙ በኋላ ደግሞ አለመልቀቅ።

ቫሳር ኮሌጅ ሲማር፣ በኋላ ዳይሬክተር የሆነው ኖዋ ባውምባክ አብሮት ይኖር ነበር። የባውምባክን የመጀመሪያ ፊልም ስክሪፕት ይዞ ገንዘብ ሲያፈላልግ በቤተሰብ በኩል የሚያውቀውን ኮሜዲያን ስቲቭ ማርቲንን አስነበበው። ማርቲን «ወድጄዋለሁ» የሚል ደብዳቤ ጻፈለት፤ ብሉምም ደብዳቤውን ከስክሪፕቱ ጋር እያያያዘ በየቢሮው በተነው። ፊልሙ በ1995 ወጣ። ከዚያ ሚራማክስ የተባለ የፊልም ድርጅት ገብቶ የሚገዙ ፊልሞችን ማፈላለግ ሥራው ሆነ። በ1999 «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የተባለው በርካሽ የተሠራ አስፈሪ ፊልም ለገበያ ሲቀርብ እሱም አይቶ ካለፉት አንዱ ነበር። ሌላ ድርጅት ገዛውና በዓለም ዙሪያ ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ብሉም በ2000 የራሱን ድርጅት አቋቁሞ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ይህ ነው የሚባል ስኬት አልነበረውም።

ያኔ ነው ኦረን ፔሊ የመጣው። ፔሊ ትውልደ እስራኤላዊ የኮምፒውተር ፕሮግራመር ነው፤ የፊልም ትምህርት የለውም። ሳንዲያጎ በሚገኘው በራሱ ቤት «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን በ15,000 ዶላር ገደማ ቀረጸ። ያላያችሁት ካላችሁ አንዱን ትዕይንት ልንገራችሁ። ካሜራው መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ቆሟል። ጥንዶቹ ተኝተዋል። ታች ጥግ ላይ ሰዓቱ ይሮጣል። ብዙ ከጠበቃችሁ በኋላ በሩ ስንዝር ያህል ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያም ይመለሳል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። እኔ ያን በር ሳይ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ብሉም ከፔሊ ጋር ሆኖ ሊሸጠው ቢሞክርም ስቱዲዮዎች አልገዛ አሉት። ድሪምወርክስ ታሪኩን ወስዶ በትልቅ በጀት እንደ አዲስ ሊሠራው ፈለገ፤ እነብሉም ግን መጀመሪያ ይኸው ራሱ ለተመልካች ይታይ ብለው ያዙ። በሙከራ ማሳያው ሰዎች ከመቀመጫቸው እየተነሱ መውጣት ጀመሩ። የስቱዲዮ ሰዎች ሰለቻቸው ብለው ሲያስቡ ለካ ሰዎቹ የሚወጡት ፈርተው ነው! ፓራማውንት በ2009 ወደ ሲኒማ አወጣው፤ ገቢው ወደ 193 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ትልቅ ፊልም ይጀምር ነበር። እሱ እዚያው ትንሹ ላይ ተቀመጠ። «ኢንሲዲየስ» በ1.5 ሚሊዮን ተሠርቶ ወደ 100 ሚሊዮን ተጠጋ። «ዘ ፐርጅ» በ3 ሚሊዮን ተሠርቶ 89 ሚሊዮን አመጣ። አዲስ ታሪክ ከሆነ በጀቱ ለዓመታት 5 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ይቆም ነበር፤ በለውጡ ዳይሬክተሩ የመጨረሻውን ቅጂ ራሱ ይወስናል። ትንሿ በጀት የዳይሬክተሩን ነፃነት ትገዛለች ማለት ነው። እኔ ይህንን ከዘመኑ ትልልቅ የፊልም ሐሳቦች አንዱ ነው እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ወለላ

በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፣ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ገንዘቡን የሚሰጠው ስቱዲዮው ከሆነ፣ የሚቀርጸው ዳይሬክተሩ ከሆነ፣ የሚጽፈው ጸሐፊው ከሆነ፣ ታዲያ ፕሮዲውሰሩ ጠዋት ተነስቶ ምን ይሠራል? ደግሞ ፊልሙ ሲያልቅ «ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር» የሚለው አምስትና ስድስት ሰው ይዘረዝራል። እነሱስ እነማን ናቸው?

አዲስ ፍሬም

ወለላ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፕሮዲውሰር ፊልሙ ሐሳብ ሳለ ጀምሮ ሲኒማ ቤት እስኪገባ አብሮ የሚቆይ ሰው ነው። ስክሪፕቱን ያገኛል፣ ከዳይሬክተር ያገናኛል፣ ስንት ይፈጃል የሚለውን ይቆርጣል፣ ገንዘብ ያመጣል፣ ተዋናይ ያሳምናል፣ ቀረጻ ላይ ሲጣሉ ይገላግላል፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ለአከፋፋዩ ይሟገታል። ብሉም ለዓመታት ቢሮው መኪናው ነበር። ቫን ውስጡን እንደ ቢሮ አሠርቶ፣ ሹፌር እየነዳለት፣ በሎስ አንጀለስ የመኪና መጨናነቅ መሀል ስልክ ሲደውልና ስክሪፕት ሲያነብ ይውላል። ሥራው በአብዛኛው ማውራትና ማሳመን ስለሆነ ነው።

ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር ሌላ ነው። ገንዘብ ያስገኘ፣ መብቱን የያዘ፣ ወይም ስሙን አውሶ በር ያስከፈተ ሰው ሊሆን ይችላል። ከእኛው «ድፍረት»ን አስታውሱ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በ2014 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያሸነፈው አንጀሊና ጆሊ ኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲውሰር ሆና ነው። ስሟ ብቻውን ፊልሙን ስንት ጋዜጣ ላይ እንዳወጣው ያየን እናውቃለን።

የዋናው ፕሮዲውሰር ክብደት የሚታወቀው ኦስካር ላይ ነው። የምርጥ ፊልም ሽልማት ሲሰጥ መድረክ ወጥተው ሐውልቱን የሚቀበሉት ፕሮዲውሰሮቹ ናቸው። ብሉም ለዚሁ ሽልማት ሦስት ጊዜ ታጭቷል፤ በ«ዊፕላሽ»፣ በ«ጌት አውት»ና በ«ብላክክላንስማን»።

ዳዊት ከኤል ኤ

ወንድሜ አዲስ ፍሬም፣ የጻፍከውን ወድጄዋለሁ፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። እኔ እዚህ ሎስ አንጀለስ በፊልም ቀረጻ መብራት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። «ትንሿ በጀት ነፃነት ትገዛለች» ያልካት ከእኛ በኩል ስትታይ ሌላ መልክ አላት። ያቺ በጀት ትንሽ የምትሆነው በአስማት አይደለም፤ አንድ ሰው ያነሰ ስለሚከፈለው ነው።

እንዴት እንደሚቀነስ ልንገራችሁ። ታሪኩ አንድ ቤት ውስጥ እንዲያልቅ ይደረጋል። «ዘ ፐርጅ»ን ያያችሁ አንድ ቤተሰብ አንድ ሌሊት ቤቱን ዘግቶ ሲጠብቅ ነው ያያችሁት፤ ካሜራ፣ መብራት፣ ጄኔሬተር ጭኖ ከቦታ ቦታ መዞር የለም። ተናጋሪ ተዋናይ ደግሞ ጥቂት ነው። በተዋንያን ማኅበሩ ውል መሠረት አንዲት ቃል የተናገረ ሰው ክፍያው ዝም ብሎ ከሚያልፈው በጣም ይበልጣል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ሬስቶራንት ካያችሁ አስተናጋጇን ልብ በሏት። ትመጣለች፣ ብርጭቆውን ታስቀምጣለች፣ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ «እሺ» እንኳ ሳትል ትሄዳለች። ይህን የምለው ከራሴ አይደለም፤ ብሉም ራሱ የሚያወራው ዘዴ ነው።

ከዚያ ክፍያው። ስመ ጥሩ ተዋናይም ዳይሬክተሩም የሚከፈላቸው ማኅበሩ ከፈቀደው ዝቅተኛው ነው፤ እኛ ስኬል የምንለው። ቀሪው ፊልሙ ካተረፈ ነው። የ«ዘ ፐርጅ»ን ዋና ተዋናይ ኢታን ሆክን ለመሰለ ሰው ይህ ያዋጣል፤ የሚቀጥለው ሥራ እስኪመጣ የሚበላው አለውና። ኬብል የሚጎትተው ልጅ ግን ከትርፉ ድርሻ የለውም፣ የቤት ኪራዩም ፊልሙ እስኪያተርፍ አይጠብቅለትም። እኔ ራሴ ሌላ ቦታ (ስሙን ልተወው) «ፊልሙ ሲሸጥ እናካክስሃለን» ተብዬ ዝቅ ባለ ክፍያ ሠርቻለሁ። ፊልሙ ተሸጠ። ስደውል የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ብሉምን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም አንድ ነገር ላመስግነው። ሆሊውድ ውስጥ «ከተጣራ ትርፍ ድርሻ አለህ» የሚባለው ውል ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው፤ የስቱዲዮ ሒሳብ ሲሠራ ፊልሙ መቼም አያተርፍማ። የብሉምሃውስ ጉርሻ ግን ከሲኒማ ቤት ገቢ ጋር የታሰረ ነው። ፊልሙ ይህን ያህል ሚሊዮን ሲደርስ ይህን ያህል ይከፈልሃል ይላል። ቁጥሩ በየሳምንቱ በይፋ ስለሚወጣ ማንም ማየት ይችላል፣ መካድ የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ናቲ ካዛንቺስ

እኔ አዲስ አበባ አጫጭር ፊልም የምሠራ ልጅ ነኝ። ዳዊት፣ ስለ አስተናጋጇ የጻፍከውን አንብቤ ትናንት ማታ አንድ ፊልም ከፍቼ ሳይ እውነትም ማንም አይናገርም! ከእንግዲህ ሳላየው አላልፍም።

ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ለምን አስፈሪ ፊልም ብቻ? ይህ ዘዴ ለፍቅር ታሪክ፣ ለቤተሰብ ድራማ አይሠራም?

አዲስ ፍሬም

ናቲ፣ አስፈሪ ፊልም ኮከብ አይፈልግም። የፍቅር ፊልም ፖስተር ላይ የማይታወቅ ፊት ካለ ሰው ያልፈዋል። የሚያስፈራ ፊልም ከሆነ ግን ሰው የሚገባው ለፍርሃቱ ነው፤ እንዲያውም ፊቱ ካልታወቀ ይሞት አይሙት ስለማይገመት ይበልጥ ያስጨንቃል። ሌላው ጨለማው ነው። የማይታየው ነገር ከሚታየው ይበልጥ ያስፈራል፣ የማይታየውን ለመቅረጽ ደግሞ ገንዘብ አይወጣም። ፔሊ ያን በር ለማንቀሳቀስ ምን አወጣ?

ከአስፈሪ ውጭም ሠርቷል፤ «ዊፕላሽ» አንዱ ነው። ዳይሬክተሩ ዴሚየን ሻዜል ገንዘብ ሲያጣ ከስክሪፕቱ ቆርጦ አጭር ፊልም ሠራ፤ በ2013 ሰንዳንስ ላይ ተሸለመ፤ በዚያ ጉልበት ሙሉው በ3.3 ሚሊዮን ዶላር፣ በ19 ቀን ቀረጻ ተሠራ። ሦስት ኦስካር ወሰደ። አጭር ፊልም እሠራለሁ ስላልክ ይቺን ልብ በላት።

ጋሽ መኮንን

ልጆች፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው የተከታተልኩት። እኔ ብዙ ዘመኔን ዋሽንግተን አካባቢ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ያልነካችሁት ነገር አለ፤ ማከፋፈል።

ፊልሙ በ5 ሚሊዮን ተሠራ እንበል። በመላው አሜሪካ ሁለትና ሦስት ሺህ ሲኒማ ቤት ለማስገባት የሚወጣው የማስታወቂያ ወጪ ግን በአሥር ሚሊዮኖች ነው፤ ከፊልሙ ብዙ እጥፍ። ስለዚህ የብሉም ብልሃት ግማሹ ካሜራው ዘንድ አይደለም ያለው፤ በ2011 ከዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ጋር የተፈራረመው ውል ላይ ነው፣ በ2014 ደግሞ ለአሥር ዓመት ያደሱት። ፊልሙ ከተሠራ በኋላ የስቱዲዮው ሰዎች ያዩታል። ለትልቅ ስርጭት ይበቃል ካሉ ያን ሁሉ የማስታወቂያ ገንዘብ ያወጡለታል፤ አይበቃም ካሉ በትንሽ መንገድ ወደ ቤት መመልከቻ ይሄዳል፣ ኪሳራውም ቀላል ነው። ሰው የሚያውቀው የወጡለትን ነው፤ ያልወጡት ብዙ ናቸው።

ስቱዲዮ ከጀርባ ከሌለ ምን እንደሚመስል ያየሁት በኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ነው። በ1993 ፊልሙ ሲያልቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉ። ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪክያና እዚሁ ዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ማስታወቂያው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከጸጉር ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ ከአፍ ወደ አፍ የሄደ ነው። ሰልፉ ጥግ ዞሮ ነበር፤ እኔም ቆሜበታለሁ። ከዚያ ከተማ ለከተማ እየዞረ ስንት ወር ታየ። ያም ፕሮዲውሰርነት ነው ልጆቼ፤ ለዚያውም ከባዱ። ብሉም ጎበዝ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከእነ ኃይሌ የሚለየው የመጨረሻው በር ሲደርስ የሚከፍትለት ስላለ ነው።

ወለላ

ጋሽ መኮንን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰልፉን ከቆመበት ሰው መስማት ሌላ ነው። ስለዚያ ጊዜ ራሱን ችሎ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ሂሩት ሲያትል

በጋሽ መኮንን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ያ በር ተከፍቶ ማን እንደገባበትም እንይ። «ጌት አውት» ለእኔ ይህ ሁሉ ሥርዓት ለምን እንደሚጠቅም ያሳየ ፊልም ነው። ጆርዳን ፒል ያኔ በቴሌቪዥን ኮሜዲ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ አንድም ፊልም ዳይሬክት አላደረገም። የጻፈው ታሪክ አንድ ጥቁር ወጣት የነጭ ፍቅረኛውን ቤተሰብ ሊጎበኝ ሄዶ የሚደርስበትን ነው፤ ራሱ ፒል ማንም አይሠራውም ብሎ ያስብ ነበር። በ50 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ተሰብስቦ «ይህን አለዝበው፣ ያንን አውጣው» ይለው እንደነበር አስቡት። በ4.5 ሚሊዮን ግን የሚፈራ ሰው አልነበረም። በ2017 ወጣ፣ 255 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፣ ፒልም ለወጥ ስክሪፕት ኦስካር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ጸሐፊ ሆነ።

መጨረሻው በመጀመሪያ ሌላ ነበር። ልጁ ያን ሁሉ ተርፎ ፖሊስ ይይዘዋል፤ እስር ቤት መስታወት ጀርባ ተቀምጦ እናየዋለን። ተቀርጾ ነበር። ለሙከራ ተመልካች ሲያሳዩት የአዳራሹ ሰው ልቡ ተሰበረ፣ ከዚያ ተመልሰው አሁን የምናውቀውን ቀረጹ። መብራቱ እየበራ መኪናው ሲመጣ ሁላችንም ፖሊስ ነው ብለን ስንሰቀቅ፣ በሩ ተከፍቶ ጓደኛው ሲወጣ እኔ የነበርኩበት አዳራሽ ሰው በእንባ ነው የጮኸው። ትልቅ በጀት የሚሸከመው ሰው ብዙ ስለሆነ እንዲህ ቶሎ አይታጠፍም።

ግን ብሉምን ሙሉ በሙሉ አላሞግሰውም። በ2018 ለምን ሴት ዳይሬክተር በሲኒማ ለሚወጣ አስፈሪ ፊልም አልቀጠርክም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሴት ዳይሬክተሮች ብዙ አይደሉም፣ አስፈሪ ፊልም መሥራት የሚፈልጉት ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው የሚል መልስ ሰጠ። ብዙ ሴቶች ተቆጡ፣ እሱም ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ሶፊያ ታካል የሠራችውን «ብላክ ክሪስማስ» አወጣ። ይቅርታው ጥሩ ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ ሥራው ሁሉ ማንም ያላየውን ችሎታ መፈለግ የሆነ ሰው፣ ዙሪያው ያሉትን ሴቶች ግን አላየም። ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ዳዊት ከኤል ኤ

እህቴ ሂሩት፣ ትክክል ነሽ። እኔም አንድ ልጨምር፤ አዲስ ፍሬም «ብሌር ዊች»ን አንስቶ ስለነበር። በ2024 የጸደይ ወር ብሉምሃውስና ላየንስጌት የተባለው ስቱዲዮ አዲስ «ብሌር ዊች» እንሠራለን ብለው አወጁ። ያኔ በ1999 ያለፈውን ፊልም በስተመጨረሻ አገኘው ማለት ነው። ወዲያው የመጀመሪያው ፊልም ሦስት ተዋንያን በአደባባይ ደብዳቤ ጻፉ። ፊልሙ ላይ የራሳቸው ስምና የራሳቸው ፊት ነው ያለው፤ ካሜራውን እንኳ ጫካ ውስጥ ይዘው የቀረጹት እነሱ ናቸው። ፊልሙ ያን ሁሉ መቶ ሚሊዮን ሲያስገባ ለእነሱ የሚገባቸው አልደረሰም፤ ስለዚህ በቀጣዩ ሥራ ላይ እንድንማከርና ተገቢው ክፍያ እንዲሰጠን እንፈልጋለን አሉ። በርካሽ የተሠራ ፊልም ትርፉ ሲነገር «15,000 ገብቶ 193 ሚሊዮን ወጣ» ይባላል። በመሀል ያሉት ሰዎች በዚያ አረፍተ ነገር ውስጥ የሉም።

አዲስ ፍሬም

ዳዊት፣ ይህን ክርክር የምቀበለው ነው። የቁጥሩ ታሪክ ስለሚያምር ሰው ይረሳል።

ስለ ውድቀቱም እናውራ፤ ያላነሳነው እሱን ነው። «ጄም ኤንድ ዘ ሆሎግራምስ» በ2015 በ5 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከሲኒማ ቤቶች ወረደ፤ ገቢው የበጀቱን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ግን ማን ተጎዳ? 5 ሚሊዮን ነው። በዚያው ዓመት ዳይሬክተሩ ሽያማላን ቤቱን አስይዞ በራሱ ገንዘብ የሠራው «ዘ ቪዚት» ወጥቶ ወደ 98 ሚሊዮን አስገብቶ ነበርና ተረሳ።

እውነተኛው ጉዳት የመጣው የራሱን ሕግ ሲተው ነው። የ«ዘ ኤግዞርሲስት»ን መብት ለሦስት ፊልም ዩኒቨርሳል 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ገዛና በ2023 የመጀመሪያው ወጣ። ለሌላ የብሉምሃውስ ፊልም 137 ሚሊዮን ገቢ ሠርግ ነው፤ ለዚህ ግን ለቅሶ ሆነ፣ ቀጣዮቹም እንደታሰቡት አልተሠሩም። ስለ ገዳይ አሻንጉሊት የሚተርከውን «ሜጋን»ንም እዩ። በ2023 መጀመሪያ የመጀመሪያው በ12 ሚሊዮን ተሠርቶ ወደ 180 ሚሊዮን አስገባ፤ አሻንጉሊቷ በኮሪደሩ ስትጨፍር ያላየ ሰው የለም። በ2025 ሁለተኛውን ሲያወጡት ከአስፈሪነት ወደ አክሽን ቀየሩት፣ ክረምት ላይ ከትልልቆቹ መሀል አስገቡት፤ 40 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ብሉም ራሱ ወጥቶ ተመልካቹ ምን ያህል እንደሚከተለን አብዝተን ገምተናል አለ። ይህን ያህል በግልጽ የሚናገር የስቱዲዮ ሰው ብዙ አላየሁም።

ወለላ

እኔ ደም ማየት አልችልም፣ ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኛል። ከእሱ ሥራ የትኛውን ልይ?

ሂሩት ሲያትል

ወለላዬ፣ «ዊፕላሽ»ን እይ። ጭራሽ የሚያስፈራ ታሪክ አይደለም፤ አንድ የከበሮ ተማሪና አንድ ጨካኝ አስተማሪ ናቸው። ግን እጅሽን ጨብጠሽ ነው የምትጨርሺው። ከዚያ በቀን፣ ከሰው ጋር ሆነሽ «ጌት አውት»ን ሞክሪ።

ናቲ ካዛንቺስ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ዳዊት፣ አንድ የተግባር ጥያቄ ልጠይቅህና ልተውህ። እኔና ጓደኞቼ አንድ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ሙሉ ፊልም ልንሠራ እየተነሳን ነው። ለተዋንያኑ አሁን የምንከፍለው ጥቂት ነው፤ ከገቢው እንሰጣችኋለን ልንላቸው አስበናል። እዚህ ግን እንደ እናንተ አገር የሲኒማ ገቢ በየሳምንቱ በይፋ አይወጣም። ያን የብሉምን ዓይነት ውል እንዴት አድርገን እንጻፈው?

ዳዊት ከኤል ኤ

ናቲ ወንድሜ፣ በመጠየቅህ ብቻ ከብዙ ፕሮዲውሰር ትሻላለህ። «ከትርፍ» የሚለውን ቃል ውሉ ውስጥ ጭራሽ አታስገባው። ትርፍ ምን እንደሆነ የሚወስነው ሒሳቡን የያዘው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አንተ ነህ። ሊቆጠር የሚችል ነገር ጻፍ። ለምሳሌ የተሸጠ ትኬት ይህን ያህል ሲደርስ ለእያንዳንዱ ይህን ያህል ብር ይከፈላል በል፤ የትኬቱን ጉርድ ከተዋንያኑ የተወከለ አንድ ሰው ከሲኒማ ቤቱ ጋር ሆኖ በየቀኑ ይቁጠር። ፊልሙ ለቴሌቪዥን ወይም ለዩቲዩብ ቻናል ከተሸጠ ዋጋው ስንት ቢሆን ስንት እጁ የእነሱ እንደሆነ አስቀድመህ አስፍር፣ የሽያጩን ውል ቅጂ የማየት መብትም ስጣቸው። መብራት የሚይዘውን ልጅና ድምፅ የሚቀዳውንም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ከዚያ ቀረጻው ሳይጀመር ሁሉም ይፈርሙ፣ እያንዳንዱም አንድ አንድ ቅጂ ይዞ ይሂድ። ረቂቁን ስትጨርስ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።